የሃይማኖት በጎ አድራጎት ድረ ገጽን በተጠቃሚ ጥናት ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና ላሊበላ አካባቢ ያሉ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ በጎ አድራጎት ማኅበራት ድረ ገጻቸውን ለማስተካከል ሲነሡ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የተጠቃሚ ጥናት ሲባል ምን ማለት ነው?

ድረ ገጹን የሚጠቀም ሰው ስልኩን ይዞ አንድ ጉዳይ ሊፈጽም ሲሞክር አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ነው። ገንዘብ ሊልክ ይሆናል፣ የንግሥ ጉዞ ቀን ሊያጣራ ይሆናል፣ ለወላጅ አልባ ልጅ ድጋፍ ሊጠይቅ ይሆናል። የት እንደነካ፣ የት ላይ እንደቆመ፣ የቱን ቃል ሁለቴ እንዳነበበና መቼ ተስፋ እንደቆረጠ ትጽፋላችሁ። ቃለ መጠይቅ ማድረግም፣ የጎብኚዎችን ቁጥር ማንበብም የጥናቱ ክፍል ናቸው፤ የሁሉም መሠረት ግን ማየቱ ነው።

ብዙዎች የሚጀምሩት «ድረ ገጻችንን እንዴት አገኙት?» የሚል መጠይቅ በቴሌግራም በመበተን ነው። የሚመጣው መልስ ምስጋናና ምርቃት ነው። ምርቃቱ ይጠቅማል፤ ድረ ገጹን ግን አያስተካክልም።

ምእመኑን በየሳምንቱ እናገኘዋለን። ምን እንደሚፈልግ እናውቅ የለም እንዴ?

የምታገኙትን ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። የቤተ ክርስቲያንን ወይም የመስጊድን ሥራ ፊት ለፊት መንቀፍ ለብዙ ሰው ነውር ነው፤ ዐይን ዐይኑን እያያችሁት «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ከማለት ሌላ አይወጣውም። ያው ሰው ስልኩን አውጥቶ «እስቲ የአካውንት ቁጥሩን ያግኙልኝ» ሲባል ግን ጣቱ አይዋሽም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ አስተያየት አትጠይቁ፣ ሥራ ሰጥታችሁ ተመልከቱ።

በዚያ ላይ በየሳምንቱ የምታገኙት ሰው ድረ ገጹ ብዙም አያስፈልገውም። ማስታወቂያውን በዐውደ ምሕረት ወይም ከጁምዓ በኋላ ይሰማል፤ ያልገባው ነገር ካለ ጸሐፊውን ይጠይቃል። ድረ ገጹ የግድ የሚሆነው አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ላለ የአካባቢው ተወላጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ግሸን ለሚመጣ እንግዳ፣ እንዲሁም ቢሮ ድረስ ሄዶ ችግሩን መናገር ለሚያፍር ሰው ነው።

ስንት ሰው ይበቃል?

ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ 5 ሰው። ቁጥሩ የመጣው ተመራማሪዎቹ ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ካወጡት ስሌት ነው፦ አንድ ሰው አንድን ችግር የማጋለጥ ዕድሉ በአማካይ 31 በመቶ ከሆነ፣ 5 ሰዎች ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያንኑ እንቅፋት ደጋግማችሁ ስለምታዩ፣ 15 ሰው በአንድ ጊዜ ከማየት 5 አይቶ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና 5 ማየት ይበልጣል።

«ለአንድ ዓይነት» የሚለው ይሰመርበት። ገንዘብ የሚሰጠውና ድጋፍ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ተጠቃሚ አይደሉም፤ ለእያንዳንዳቸው 5 ሰው ያስፈልጋል። ደግሞም 5 ሰው ችግርን ለመለየት እንጂ መቶኛ ለማውጣት አይሆንም። ከ5 ሰው ሁለቱ ተቸግረው «40 በመቶው ምእመን» ብሎ ለቦርድ ሪፖርት መጻፍ ማሳሳት ነው።

እነማንን እንምረጥ?

ጸሐፊው የሚያመጣላችሁን ሰዎች ብቻ አትቀበሉ። እሱ የሚጠራው ቀልጣፋውን፣ የተማረውንና ኮሚቴውን የሚወደውን ነው። ጥቂቱን በየሰፈሩ ካለው ቅሬ (ዕድር)፣ ጥቂቱን ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከመድረሳ፣ ጥቂቱን ማኅበራችሁን ጨርሶ ከማያውቅ ሰው ውሰዱ። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ባለፈው ወር በስልክዎ ገንዘብ ልከዋል?» አዎ ያሉም አይ ያሉም ሰዎች ይኑሩበት። የኮሚቴ አባል፣ የቢሮ ሠራተኛና የድረ ገጹ ሠሪ ዘመድ አይገቡም።

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን «ስማርት ስልክ የላቸውም» ብላችሁ አትለፏቸው። በብዙ ቤት እናት ትናገራለች፣ ልጅ ይነካል። እንዲህ ያለውን ጥንድ አብራችሁ ጥሩና አብራችሁ እዩ። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብላት «ምን ማለት ነው?» ብላ የምትጠይቅበት ቃል ሁሉ ከድረ ገጹ መቀየር ያለበት ቃል ነው።

ምን ያህል ወጪና ጊዜ ይጠይቃል?

ሁለት ሰው፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ደብተር፣ የትራንስፖርትና የሞባይል ካርድ ወጪ። አንድ ዙር በአንድ ሳምንት ያልቃል። ለተሳታፊው የምትሰጡት ነገር አነስተኛ ይሁን፤ ሲበዛ ውለታ ይሆንና ምላሱን ያስረዋል።

ምልከታው ራሱ እንዴት ይካሄዳል?

ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያዙ፣ በቀን ከ4 ሰው አትለፉ። አንዱ ያነጋግራል፣ ሁለተኛው አፉን ዘግቶ ይጽፋል። ስልኩ የተሳታፊው የራሱ ይሁን፤ በሰው ስልክ ኪቦርዱም የፊደሉ መጠንም ስለሚለይበት የምታዩት የስልኩን እንግድነት እንጂ የድረ ገጹን ችግር አይሆንም። ዳታውን ሙሉለት። ካህኑ ወይም ሼኹ፣ በተለይ የንስሐ አባት፣ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጡ።

መግቢያው ላይ «ፈተና» የሚለውን ቃል አታንሡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማማ፣ የምናየው ይሄ ገጽ ለሰው ይመች እንደሆነ ነው። እርስዎን ካስቸገረዎት ጥፋቱ የገጹ ነው። እኔ አልሠራሁትም፣ ቢነቅፉት አይከፋኝም። ያስቸገረዎትን ካሳዩኝ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ይተርፋል።» ብዙ የምትሠራው የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ነቀፋውን ለሌላ ሰው የሚደረግ በጎ ነገር ታደርገዋለች። «እኔ አልሠራሁትም» የሚለውም እውነት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሠሪው አነጋጋሪ አይሆንም።

ከዚያ ሥራውን ሰጥቶ ዝም ማለት ነው። «የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ» የሚለው የታወቀ ዘዴ ለወጣቶች ይሠራል፤ ለትልልቅ ሰዎች ግን ብቻን ማውራት ስለሚመስላቸው ዝም ሲሉ «አሁን ምን እየፈለጉ ነው?» ብላችሁ ጣል አድርጉ። «እዚህ ልንካው?» ካሉ «ቤትዎ ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ መልሱላቸው። ሲቸገሩ እጃችሁ ወደ ስልካቸው መሄዱ አይቀርም፤ ያዙት። ሦስት ደቂቃ ካለፈና መንገዱ ካልተገኘ «ይኸው፣ ገጹ እንዳስቸገረ አየን» ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሰው አፍሮ እንዲወጣ አይፈለግም።

ምን ዓይነት ሥራ እንስጣቸው?

ከሕይወታቸው የወጣ፣ በድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል የማይደግም። የሚነካው ቁልፍ (በተን) «ለግሱ» የሚል ከሆነ «እስቲ ይለግሱ» ማለት መልሱን መንገር ነው፤ ቃሉን በዐይኑ ፈልጎ ይነካዋል፣ እናንተም ምንም አታውቁም።

ለአብነት፦ «የእናትዎ ሙት ዓመት ደርሷል፤ በስማቸው ለአብነት ተማሪዎች 500 ብር መስጠት ፈልገዋል።» «አዲስ አበባ ያለ ዘመድዎ መስከረም 21 ግሸን ማርያም መምጣት ፈልጎ ከደሴ በኋላ በምን እንደሚሄድ ጠይቆዎታል።» «ረመዳን ሊያልቅ ነው፤ ፊጥራዎ ከዒድ ሶላት በፊት እንዲደርስ ይላኩ።» «ጎረቤትዎ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ማስተማር አቅቷታል፤ ማኅበሩ ይረዳት እንደሆነ ይፈልጉላት።» የመጨረሻው በጎረቤት ስም የተነገረው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው ራሱን ተቸጋሪ አድርጎ መናገር ይከብደዋል፣ ለጎረቤት ሲሆን ግን ከልቡ ይፈልጋል። ለአንድ ሰው 4 ወይም 5 ሥራ ይበቃል፤ እውነተኛ ክፍያ ሲሆን ገንዘቡ ሳይላክ ማረጋገጫው ላይ አቁሙ።

ቡና አፍልቶ ሰብስቦ ማወያየት አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያመጣው። አቦሉ ሳይቀዳ ትልቁ ሰው ሐሳባቸውን ይናገራሉ፣ እስከ በረካ ድረስ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት ነው» እያለ ይቀጥላል። የአንድ ሰው መልስ በስምንት አፍ ሰማችሁ ማለት ነው።

የቡናው ውይይት የሚጠቅመው ከምልከታው በፊት የሰዉን ኑሮ ለማወቅ ነው፦ ሰደቃ በምን ይላካል፣ ስእለት ለማን ይሰጣል፣ የማኅበሩን ዜና ከማን ይሰማሉ። ድረ ገጹን ግን አንድ በአንድ አሳዩ።

በዓመቱ መቼ፣ በሳምንቱስ የትኛው ቀን ይሻላል?

ድረ ገጹ ከሚጨናነቅበት ወቅት ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። የግሸን መረጃ የያዘ ገጽ መስከረም ሳይገባ፣ የላሊበላ ገና ገጽ ታኅሣሥ ሳይገባ፣ የዘካ ገጽ ከረመዳን በፊት ታይቶ ተስተካክሎ ማለቅ አለበት። በበዓል ዋዜማ አዲስ ገጽ መክፈት የሚያስከትለውን ጣጣ የሚያውቀው ስልክ የሚያነሳው ጸሐፊ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ስላለ አመቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ቆሞ ያስቀደሰና ያልበላ ሰው ትዕግሥት የለውም። ከሰዓት በኋላ ቅጠሩት። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ያለውን ጊዜ፣ ዓርብ የጁምዓን ሰዓትና የአካባቢውን የገበያ ቀን ዝለሉ፤ ባቲ ላይ ሰኞ ሰው ቀጥሮ ማግኘት አይታሰብም።

የልገሳ ገጹን ብዙ ሰው ይከፍተዋል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም። ምን እንፈልግ?

መጀመሪያ የአካውንት ቁጥሩ ፎቶ ውስጥ እንደሆነ እዩ። በበዓል ፖስተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ኮፒ አይደረግም። ሰውየው የንግድ ባንክን 13 አሃዝ ሊይዝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይፈልጋል፣ አለዚያም አምስቱን አሃዝ በቃሉ ይዞ ወደ ባንኩ አፕ ይሄዳል፣ ጽፎ ሲመለስ ገጹ እንደ አዲስ ይከፈትና ከላይ ይጀምርበታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ «ማታ እልካለሁ» ይላል። ማታ አይልክም። መፍትሔው ቁጥሩን በጽሑፍ ማስቀመጥና አጠገቡ «ቁጥሩን ኮፒ አድርግ» የሚል በተን ማድረግ ነው። ለዐይን እንዲመች አሃዞቹን በአራት በአራት ብትከፋፍሏቸው ጥሩ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ ግን ክፍተቱ አብሮ መሄድ የለበትም፣ አንዳንድ አፕ አይቀበለውም።

ሁለተኛው ስም ነው። የባንኩ አፕም ቴሌብርም ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያሉ። ሰዉ ማኅበራችሁን የሚያውቀው በአንድ ስም፣ አካውንቱ የተከፈተው በሌላ ሕጋዊ ስም ከሆነ ሰጪው እዚያ ላይ ይደነግጣል፤ የሐሰት አካውንት በበዛበት ዘመን መደንገጡም ተገቢ ነው። ከቁጥሩ ሥር «ስትልኩ የሚመጣላችሁ ስም ይህ ነው» ብላችሁ ባንኩ እንደሚያሳየው አድርጋችሁ ጻፉት።

ሦስተኛውን በሃይማኖት ድርጅት ያልሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፦ ሰጪው ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚልከው። ሙስሊሙ ዘካና ሰደቃን ለይቶ መስጠት አለበት፤ ዘካ በቁርኣን ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ብቻ ስለሚውል «አጠቃላይ ድጋፍ» በሚል ሣጥን ውስጥ አይጥለውም። ክርስቲያኑ አሥራት ነው፣ ስእለት ነው፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ነው ማለት ይፈልጋል፤ የሟቹን የክርስትና ስም የሚጽፍበት ቦታ ይፈልጋል። ስእለት ያለበት ሰው ደግሞ መድረሱን የሚነግረው መልእክት ካላየ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «ለምን» እና «በማን ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች፣ «ስሜ አይገለጽ» የሚል ምርጫና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ ማረጋገጫ ይኑር። ከዚህ በላይ ሣጥን አትጨምሩ፤ የትውልድ ቀንና የሥራ ዓይነት ለመስጠት አያስፈልግም።

ሜኑውን በምን ስም እናደራጅ?

በክፍሎቻችሁ ስም አይሁን። «የልማትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ» የሚለውን የሚያውቀው ደመወዝ የሚቀበልበት ሰው ብቻ ነው። በድረ ገጹ ላይ ያሉትን ጉዳዮች ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ጻፉ፣ ለየብቻ 15 ለሚሆኑ ሰዎች ስጡና አብሮ የሚሄደውን እንዲከምሩ፣ ለክምሩም ስም እንዲያወጡለት አድርጉ። ደጋግሞ የሚመጣው ስም የሜኑው ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግሥ ሆኖ ይመጣል፦ ልስጥ፣ እርዳታ ልጠይቅ፣ ልማር፣ ልምጣ።

ድረ ገጹ ላይ ያለ ነገር በፍለጋ ሣጥኑ ቢጻፍም «አልተገኘም» ይላል። ለምን?

ሰዉ አንዱን ቃል በተለያየ ፊደል ስለሚጽፍ። ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚፈልግ ሰው «ሀይቅ» ወይም «ሃይቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ሥላሴን «ስላሴ»፣ ጸሎትን «ፀሎት»፣ መውሊድን «መዉሊድ»፣ ኮምቦልቻን «ኮንቦልቻ»። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠሪው በፍለጋው ላይ ማስታረቂያ ይጨምር፦ ሐ፣ ኀ እና ኸ እንደ ሀ፤ ሠ እንደ ሰ፤ ዐ እንደ አ፤ ፀ እንደ ጸ፤ ከነርባታቸው፣ ሃን እንደ ሀ፣ ዉንም እንደ ው ጨምሮ። ይህ የሚደረገው በፍለጋው ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚታየው ጽሑፍ በትክክለኛ ፊደሉ ይቆያል፣ ሊቃውንቱም አይቆጡም።

የፍለጋ ሣጥኑ የተጻፈበትን ሁሉ እንዲመዘግብ አድርጉና በየወሩ አንብቡት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ብዙ ታገኛላችሁ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈም ይመጣል፤ ያ ደግሞ የትኛው ገጽ ቀድሞ መተርጎም እንዳለበት ይነግራችኋል።

ሰዎች በቀንና በሰዓት ይሳሳታሉ። በኢትዮጵያ ብቻ እንጻፈው ወይስ በሁለቱም?

በሁለቱም፣ ግን ተለይቶ። «ጠዋት 3 ሰዓት» ለደሴ ሰው ግልጽ ነው፤ ውጭ ያደገ ልጅ ግን ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። በኢትዮጵያ የተጻፈው ከፊት፣ የውጭው ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይሁን። የቀጥታ ስርጭት ካላችሁ ከዋሽንግተን ጋር ያለው ልዩነት እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀያይሩ ከ7 ወደ 8 ሰዓት እንደሚሄድ፣ ከሳዑዲ ጋር ግን ልዩነት እንደሌለ አትርሱ።

የበዓል ቀን ደግሞ አንዴ ተለውጦ ለሁልጊዜ አይጻፍም። መስከረም 21 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ኦክቶበር 2 ነው። በዚያው ዓመት ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ይውላል። መውሊድና ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ። የአምናውን ገጽ ኮፒ አድርጎ ዓመቱን ብቻ መቀየር የስንቱን ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ያበላሻል።

ገጹ ቢሮ ውስጥ ፈጥኖ ይከፈታል፣ ወደ ገጠር ወጣ ሲባል ግን አይመጣም። ምን እናድርግ?

በቢሮ ዋይፋይ መመልከት ትታችሁ አንዱን ምልከታ በሞባይል ዳታ፣ ከከተማ ወጣ ብላችሁ አድርጉት፤ ደላንታ ወይም ለጋምቦ ላይ የሚከፈት ገጽ የትም ይከፈታል። ጉግል ለጥሩ ገጽ ያስቀመጠው ልክ ዋናው ይዘት በ2.5 ሴኮንድ እንዲታይ ነው። ገጹን የሚጎትተው ብዙ ጊዜ ከካሜራ ቀጥታ የተጫነ የበዓል ፎቶ ነው። መጠኑን ቀንሳችሁ ዌብፒ (WebP) በሚባለው ቀላል የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ አንዱን ፎቶ ከ100 ኪሎባይት በታች ማድረግ አያቅትም።

ለአማርኛ ብላችሁ ከባድ ፎንት አታስጭኑ፤ የአንድሮይድና የአይፎን ስልኮች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ይመጣል። ፊደሉን ከ17 ፒክስል አታሳንሱት፣ የመስመሩን ክፍተት የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ያህል አድርጉት፣ ረጅም ጽሑፍ አታድምቁ፤ ጨ እና ጩ፣ ሕ እና ሐ ሲደምቁ ይደፈናሉ። ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ደረጃ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካላችሁ ቀጥታ ስትለጥፉት ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆን እንደገና ማስጻፍ ይሻላል።

ሳዑዲና አሜሪካ ያሉትን እንዴት እንያቸው?

በቴሌግራም ወይም በኢሞ ደውላችሁ። ስክሪን ማጋራት የማይችል ከሆነ ሌላ ሰው ስልኩን እንዲይዝለት ወይም የሚያየውን በድምፅ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ቤት ሠራተኛ የሆነች እህት ነፃ የምትሆነው ማታ ዘግይታ ስለሆነ ሰዓቱን እሷ ትምረጥ፤ 15 ደቂቃና አንድ ሥራ ይበቃታል። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ በምን እንደምትልክ ነው። በዘመድ እጅ የምትልክ ከሆነ የካርድ መክፈያ ብትሠሩላት አትነካውም፤ ለሷ የሚጠቅማት ዘመዷ የሚያስገባበት ቁጥርና መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው።

ስለ ቀረጻ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ምስጢር ምን እንጠንቀቅ?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ በዘፈቀደ መሰብሰብ የሕግም ጉዳይ ነው። ፈቃዱን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ምን እንደምትቀርጹ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ንገሩ። ስክሪኑንና እጁን እንጂ ፊቱን አትቅረጹ። በማስታወሻው ላይ ስም አይጻፍ፤ «ሰጪ 3»፣ «ተረጂ 1» ይበቃል። የባንክ ሒሳቡን ሲከፍት ቀረጻውን አቁሙ።

ሴቶችን ሴት ታነጋግር፤ ባይጠይቁም አቅርቡላቸው። ተረጂ የሆነን ሰው ከሰጪዎች ጋር በአንድ ቀን በአንድ በረንዳ አታስጠብቁ። አንዳንዱ ደግሞ ሥራው መሀል ላይ የልቡን ይናገራል፤ ያኔ ብዕሩን አስቀምጡና ስሙት፣ ሪፖርት ውስጥም አይገባም።

መሻሻሉን በምን እናውቃለን?

ያንኑ ሥራ ለሌሎች 5 ሰዎች ስጡ፤ ስንቱ ሳይታገዝ ጨረሰ፣ በስንት ደቂቃ? ከዚያ ቢሮ የሚደወለውን ቁጠሩ። «አካውንቱ ስንት ነበር?» የሚለው ስልክ ከቀነሰ ገጹ ሠርቷል።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት፣ ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ባለ 10 ዐረፍተ ነገር የምቹነት መለኪያ አለ፤ አማካዩ ከ100 68 ነው። እዚህ አንመክረውም። አንዱ ዐረፍተ ነገር አመስጋኝ፣ ቀጣዩ ነቃፊ ሆኖ ስለሚፈራረቅ በቃል ሲነበብ ያምታታል፤ ነቃፊው ላይ ሲደርሱም ይሉኝታው ተመልሶ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ «ከበደዎት ወይስ ቀለለዎት?» ብሎ ከ1 እስከ 7 ማስጠቆም ይበቃል፤ እሱንም ካያችሁት ጋር አስተያዩት። ሦስት ደቂቃ ተቸግሮ 7 የሚሰጥ ሰው አይጠፋም።

ተጠቃሚው የፈለገው ነገር ከሥርዓቱ ጋር ቢጋጭስ?

የሚጋጨው ብዙ ጊዜ ሰውየው ያቀረበው መፍትሔ እንጂ ፍላጎቱ አይደለም። አንዱ «ለንስሐ አባቴ የምጽፍበት ፎርም ይኑር» ይላል። ንስሐ በፎርም አይሆንም፤ ማወቅ የፈለገው ግን አባ የትኛው ቀን፣ የት እንደሚገኙ ነው፣ ያንን መጻፍ ይቻላል። ሌላው የሰጪዎች ስም ዝርዝር እንዲወጣ ይጠይቃል፤ በሁለቱም እምነት በስውር መስጠት የተመሰገነ ነው፣ እሱ ያጣው ግን የሰጠው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ነው። የጉድጓዱን ወይም የትምህርት ቤቱን ወጪ በየሩብ ዓመቱ አውጡለት።

አንድ ዘወትር የሚያጨቃጭቅ ነገር አለ፦ የመጀመሪያውን ስክሪን የሚይዘው «በስመ አብ» ወይም «ቢስሚላህ»ና የሰብሳቢው ረጅም የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት። የመክፈቻውን ቃል አትንኩ፤ አንድ መስመር ነው፣ ቦታውም እዚያ ነው። መልእክቱን ግን ወደ ራሱ ገጽ አውርዳችሁ በቦታው ሰዉ የሚፈልጋቸውን ሦስት አራት ነገሮች አስቀምጡ። ከሥርዓት ጋር የሚያያዝ ማንኛውም ለውጥ ከመሠራቱ በፊት ለሊቃውንቱ ወይም ለዑለማው ይታይ፤ ከተሠራ በኋላ ማሳየት ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ቦርዱ ወይም አባቶች ውጤቱን ባይቀበሉስ?

ሃያ ገጽ ሪፖርት አታቅርቡ። ሦስት ችግር ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ምን እንደታየ፣ ከ5 ሰው ስንቱ ላይ እንደታየና ማስተካከያው ምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ፈቃድ ከተገኘ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ አሳዩ፤ አንዲት እናት አካውንት ቁጥር ወረቀት ላይ ስትገለብጥና ስትሳሳት ካዩ በኋላ «ምእመኑ ለምዶታል» የሚል ሰው እምብዛም አይኖርም። «ተጠቃሚዎች አልወደዱትም» አትበሉ፤ መውደድና መጥላት ክርክር ይከፍታል፣ «ሊልኩ ፈልገው አልቻሉም» ግን ክርክር የለውም።

ሰብሳቢውን በስብሰባ ፊት ስልክ አስይዞ «እስቲ ያግኙት» ማለት አይገባም። ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው፣ በራሳቸው ስልክ፣ ያንኑ ሥራ ቢሞክሩት ግን ውሳኔው ይቀላል። ስብሰባው ሳይበተን ደግሞ ሦስት ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ፦ ማን እንደሚያስተካክል፣ እስከ መቼ፣ የሚቀጥሉት 5 ሰዎች የሚታዩበት ቀን።